ሙዝ ዛፍ ነው ወይስ አዝመራ?

በዕድሜዬ ስለ ሰብልና ስለ ተክል ብዙ ተጠይቄያለሁ፤ ሥራዬ ነበርና። ቄስ አውግዞኝ፣ መስቀል ተሳልሜ የተጠየቅሁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጥያቄውም «ሙዝ ዛፍ ነው ወይስ አዝመራ?» የሚል ነበር። ስትሰሙት እንደሚያስቃችሁ አውቃለሁ። እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር። ሳቄን የዋጥኩት ፊት ለፊቴ በተቀመጡት ሰዎች ትከሻ ላይ ያለውን ጠመንጃ ሳይ ነው።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ታደለ እባላለሁ፤ ደብረ ታቦር ተወልጄ ያደግሁ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ። ከእርሻ ትምህርት ቤት በወጣሁ በዓመቱ የግብርና ሠራተኛ ሆኜ ንፋስ መውጫ ተመደብኩ። አባቴ የሰፋልኝ ካኪ ኮት፣ የመሥሪያ ቤት በቅሎና አንድ ማስታወሻ ደብተር ነበረኝ። ኩራቴ ግን ከሦስቱም ይበልጥ ነበር። ስለ አፈር፣ ስለ ዘር፣ ስለ ተባይ ከጠየቃችሁኝ መልስ አላጣም። ቤተሰቤ የሚተዳደረው በስፌት መኪና ስለሆነ ስለ ርስት ግን አንዲት ነገር አላውቅም ነበር። አለማወቄንም አላወቅሁትም።

አንድ ቀን ከዘር ማሻሻያ ጣቢያ አርባ የሙዝ ችግኝ ደብረ ታቦር ደረሰልን። የተዳቀለ ነው፤ ግንዱ አጭር፣ ነፋስ የማይጥለው፣ ዘለላው ትልቅ ነው ተባለ። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ፣ በበቅሎ ጭኜ፣ የጉናን ብርድ አሻግሬ አመጣሁት። ንፋስ መውጫ ደጋ ስለሆነ ሙዝ አይሆንም። ስለዚህ ከቆላ የሚመጣውን ሰው ለማግኘት ወደ አርብ ገበያ ወረድኩና ችግኙን በገበያው መሃል ደረደርኩት።

«ይህ እኮ ኮባ ነው» አሉኝ አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ነካ አድርገው። «በየጓሯችን አለ፤ ዳቦ እንጠቀልልበታለን።»

«ኮባ አይደለም አባቴ፤ ሙዝ ነው። ሙዝም ተራ ሙዝ አይደለም፤ የተዳቀለ ነው።»

«ዲቃላ ነው በለን!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። «አባቱ ማን ነው ታዲያ?» አለ አንዱ ከኋላ። «እናቱ አልተናገረችም?» አለ ሌላው። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ «አንድ ጊዜ የተከለው ሰው ለልጅ ልጁ ይተርፈዋል! ከመሬቱ የሚነቅለው የለም!» አልኩ። ይህን ያልኩት ለማስታወቂያ ነው። በዚያ አገር ጆሮ ምን ተብሎ እንደሚሰማ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው የገባኝ።

ማንም አልወሰደም። ገበያው ሊበተን ሲል አንዲት ረዘም ያሉ፣ ጨው ገዝተው የሚመለሱ ሴት አጠገቤ ቆሙ። ወይዘሮ የሻረግ ይባላሉ፤ ከስማዳ ቆላ፣ ከበሽሎ አፋፍ በታች ካለች ዋንዛ ውሃ ከምትባል መንደር የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ገበሬ ናቸው። እንደሌሎቹ አልቀለዱም።

«ውሃ ይወዳል?» አሉኝ።

«በጣም።»

«ከምንጭ ሥር የምትገኝ አንዲት ቁራሽ መሬት አለችኝ። እህል ስዘራባት ጭቃ ትበላዋለች። በል ሁሉንም ጫንልኝ።»

በመንገድ የደረቀው ደርቆ ሠላሳ ያህል ተርፎ ነበር። አብሬያቸው ወረድኩ። ጉድጓዱን አብረን ቆፈርን። በእርምጃዬ ቁመቱንና ወርዱን ለክቼ፣ በየስንት ክንድ እንደሚተከል ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ከሩቅ ቆመው የሚያዩን ሰዎች ነበሩ። እጄን አውለብልቤላቸው ነበር፤ አልመለሱልኝም።

ሁለት ክረምት አለፈ። መስቀል ካለፈ በኋላ «ዘለላው አጎንብሷል፣ ና እይልኝ» የሚል መልእክት ከወይዘሮ የሻረግ መጣልኝ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። በቅሎዬ ላይ ሆኜ ለአለቆቼ የምጽፈውን ሪፖርት በቃሌ እያዘጋጀሁ ወረድኩ። ዋንዛ ውሃ የደረስኩት ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው።

ሙዙን ከማየቴ በፊት ጩኸቱን ሰማሁ። አምስት ሰዎች ገጀራ ይዘው ከሙዙ ዳር ቆመዋል። ሁለቱ ጠመንጃ አንግተዋል። ወይዘሮ የሻረግ ከፊታቸው እጃቸውን ዘርግተው «በሕግ አምላክ! አንድ ቅጠል እንዳትነኩ፣ በሕግ አምላክ!» ይላሉ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል ሰውን ባለበት ያቆም ነበርና ሰዎቹ ቆመዋል። ገጀራቸው ግን አልወረደም።

የሰዎቹ አለቃ አቶ ጓንጉል ይባላሉ፤ የወይዘሮ የሻረግ የአጎት ልጅ ናቸው። ደንዳና፣ ፂማቸው ሽበት የጀመረው ሰው ናቸው። «መሬቱ የአያታችን ነው» ይሉ ነበር። «አልተካፈልነውም። እረሺ አልንሽ እንጂ ትከይ አላልንሽም። እህል ዘርተሽ ብታጭጂ ማን ይናገርሻል? ዛፍ ተክለሽ ግን መሬቱን ልታስቀሪ ነው!»

ክርክሩ አልገባኝም። የገባኝ ሁለት ዓመት የደከምኩበት ሙዝ ሊጨፈጨፍ መሆኑ ብቻ ነው። ከበቅሎዬ ዘልዬ ወረድኩና መሃላቸው ገባሁ።

«ይህ ሙዝ የመንግሥት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «የቆረጠ ሰው በመንግሥት ይጠየቃል!»

ገጀራዎቹ ወረዱ። ያሸነፍኩ መሰለኝ። ቀስ ብዬ ስመለከት ግን ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው።

«የማን ነው አልክ?» አሉ አቶ ጓንጉል፣ በጣም ዝግ ብለው።

«የመንግሥት።»

«ታዲያ የመንግሥት ተክል ያለበት መሬት የማን ሊባል ነው?»

በዚያ ሰሞን በየአገሩ መሬት ሊለካ ነው፣ ርስት ሊወሰድ ነው የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። እኔም እሰማው ነበር፤ ከሙዝ ጋር ግን አያይዤው አላውቅም። አንደኛው ባለጠመንጃ «ያን ጊዜ በእርምጃው ሲለካ፣ ሲጽፍም አይቼዋለሁ!» አለ። ከሁሉ አንጀቴን የቆረጠው ወይዘሮ የሻረግ ዘርግተውት የነበረውን እጅ ማጠፋቸው ነው። ዞር ብለው አዩኝ።

«እንዲያ ነው እንዴ ልጄ? ርስቴን ለማስለካት ነው ያስተከልከኝ?»

«አይደለም እትዬ! እኔ እንዲያው...»

«እንዲያው ምን?»

እንዲያው ለማስፈራራት ነው ማለት አፈርኩ። አቶ ጓንጉል የበቅሎዬን ልጓም ያዙ። «ነገ አጥቢያ ዳኛው ይመጣሉ። ጉዳዩ እስኪለይ ድረስ ከዚህ አትሄድም። ዛሬ እኔ ቤት ታድራለህ» አሉኝ። እስረኛ ልሁን እንግዳ አላወቅሁም።

ቤታቸው ስገባ እግሬን አስታጠቡኝ። ማሽላ እንጀራ በሽሮ ቀረበ። ከፊታቸው ተቀምጬ አልዋጥልህ ቢለኝ እሳቸው ራሳቸው ጠቅልለው አጎረሱኝ።

«ብላ። ከአንተ ጋር ጠብ የለኝም» አሉ። ቆይተውም እንዲህ ሲሉ አጫወቱኝ። «አባቴ ከዚህ በላይ ከአፋፉ ሥር መሬት ነበረው። አንድ ዘመዱ ለአንድ ዓመት ጓሮ ላድርግበት ብሎ ለመነው፤ ፈቀደለት። ሰውዬው ጌሾ ተከለ። ጌሾ ታውቃለህ፣ ይቆያል። አባቴ መሬቴን ሲለው፣ ተክሌ ያለበት መሬቴ ነው አለ። ሃያ ዓመት ተካሰሱ። አባቴ ሲሞት የመጨረሻ ቃሉ ስለ እኛ አልነበረም፤ ስለዚያ ጌሾ ነበር። የሻረግ እህቴ ናት፤ ጡት ተጋርተን ነው ያደግነው። ጠመንጃ ይዤ የወጣሁባት ሙዝ ጠልቼ መሰለህ?»

ያን ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ በደብተሬ ያልጻፍኩት ነገር ገባኝ። ገበያ ላይ «ከመሬቱ የሚነቅለው የለም» ብዬ የጮህኩት ትዝ አለኝ። ማስታወቂያ መስሎኝ ያወጅኩት የክስ ቃል ነበር።

ጠዋት አጥቢያ ዳኛው ባላምባራስ ደስታ መጡ፤ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሽማግሌ ናቸው። ከሙዙ አጠገብ ባለው ሣር ላይ በርኖስ ተነጥፎላቸው ተቀመጡ። የደብሩ ቄስ መምሬ አካሉ ከጎናቸው ሆኑ። ወራሽ ነኝ የሚል ሁሉ መጥቶ ነበር፤ በአንድ በኩል የወይዘሮ የሻረግ ወንድሞችና ልጆች፣ በሌላው የአቶ ጓንጉል ወገን። መሃሉ ባዶ ነው።

መጀመሪያ ደብተሬ ተጠየቀ። አውጥቼ ለመምሬ አካሉ ሰጠኋቸው። ጮክ ብለው አነበቡት፦ ቁመት ይህን ያህል እርምጃ፣ ወርድ ይህን ያህል እርምጃ። ሰዉ አጉረመረመ።

«ለምን ለካህ?» አሉ ዳኛው።

«በየስንት ክንዱ እንደሚተከል ለማወቅ ነው ጌታዬ። ትናንት የመንግሥት ነው ያልኩት ውሸት ነው። ችግኙን መንግሥት ሰጠ፣ እኔ አመጣሁ፣ እሳቸው ተከሉ፤ ከዚያ ወዲያ መንግሥት የለበትም። ለማስፈራራት ብዬ ነው የተናገርኩት። ገጹን እርስዎ ይያዙት» ብዬ ደብተሩን ከመምሬ ተቀብዬ ቀድጄ ሰጠሁ። ውርደቴን እንዴት ልንገራችሁ! ቢሆንም ከተናገርኩ በኋላ ትንፋሼ ቀለለኝ።

ያኔ ነው መምሬ አካሉ መስቀላቸውን ዘርግተው «እውነቱን ብትሸሽግ፣ ግማሹን ተናግረህ ግማሹን ብታስቀር፣ ውግዝ ከመ አርዮስ!» ያሉኝ። ተሳለምኩ። ዳኛውም ያን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ሙዝ ዛፍ ነው ወይስ አዝመራ? ዛፍ ከሆነ ያለ ወራሾቹ ፈቃድ የተተከለ ነውና ይነቀላል። አዝመራ ከሆነ ማንም አይነካውም።»

ወይዘሮ የሻረግን አየኋቸው። ዓይናቸው «አዝመራ በለው!» ይለኛል። ደግሞም መልሱን እኔ በእርግጥ አውቀው ነበር፤ በትምህርት ቤት የተማርኩት ነው።

«ዛፍ አይደለም ጌታዬ» አልኩ። «እንጨት የለውም። ላሳይዎት።»

«አሳየን።»

ዘለላው የደረሰውን ግንድ መረጥኩ። ዘለላው ከተቆረጠ ወዲያ ግንዱ መቆረጡ አይቀርም። ገጀራውን የሰጡኝ ራሳቸው ወይዘሮ የሻረግ ናቸው። ዘለላውን ለልጃቸው አሸክሜ ግንዱን በአንድ ምት በጠስኩት። ውሃ ተንፎለፎለ። የተቆረጠውን አንሥቼ ልጥ በልጥ፣ ንብርብሩን እየገለጥኩ አሳየሁ።

«ቀይ ሽንኩርት እኮ ነው!» አለ አንድ ሰው። ከሁለቱም ወገን ሳቅ ተሰማ። ዳኛው ንብርብሩን በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው አዩ። «እውነትም እንጨት የለውም» አሉ። የወይዘሮ የሻረግ ወገን እልል ሊል ምንም አልቀረውም። እዚያው ባበቃ ኖሮ ረትተው ነበር።

አቶ ጓንጉል ግን ተነሡ። የተናደዱ አይመስሉም ነበር። «አንድ ጥያቄ ይፈቀድልኝ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አዝመራ ከሆነ ለከርሞ እንደገና ትዘራዋለች?»

እዚህ ላይ ነው አንባቢዎቼ ሕይወቴ ለሁለት የተከፈለው። «አዎ፣ እየተተከለ ነው» ብል ፈጽሞ ውሸት አይሆንም፤ ችግኝ እየተነሣ ይተከላልና። ማንም አያውቅብኝም። ሙዜም ይተርፋል፤ ሪፖርቴም ይጻፋል። ከእኔ ሌላ በዚያ አገር ስለዚህ ተክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህን ሳስብ ነው የፈራሁት። ሌላ የሚጠየቅ ሰው ስላልነበረ ሁሉም ያልኩትን ሊያምን ነው።

«አትዘራውም» አልኩ። «ይህ ግንድ አንድ ጊዜ አፍርቶ ይሞታል። ከሥሩ ግን ልጅ ያወጣል። ልጁ እናቱን ይተካል፤ እሱም ያፈራል፤ እሱም ልጅ ያወጣል። ከተንከባከቡት ከዚህ ቦታ ሃያ ዓመትም ሠላሳ ዓመትም አይጠፋም።»

ወይዘሮ የሻረግ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ከኋላቸው አንድ ወንድማቸው ተነሥቶ ቆመ። በወዲያኛውም በኩል ሁለት ሰዎች ተነሡ። ባላምባራስ ደስታ ግን እጃቸውን እንኳ ሳያነሡ «ተቀመጡ» አሉ፤ ተቀመጡ።

ዳኛው ከተቆረጠው ግንድ ሥር ብቅ ብቅ ያሉትን ልጆች ጎንበስ ብለው አዩ።

«እነዚህ ልጆች ከእናታቸው ቢለዩ ይሞታሉ?»

«አይሞቱም ጌታዬ። ሌላ ቦታ ቢተከሉ ይጸድቃሉ። እንዲያውም ካልተለዩ አንድ ቦታ ተጨናንቀው እርስ በርስ ይተናነቃሉ፤ አንዱም ደህና አያፈራም።»

ሽማግሌው ከወዲህም ከወዲያም የተቀመጡትን የአንድ አያት ልጆች አንድ በአንድ አዩ። ሰዉ ነገሩ ገብቶት አንገቱን ደፋ። ከዚያ ፈረዱ።

«ግንዱ አዝመራ ነው። ስለዚህ ፍሬው የተከለችው፣ ያጠጣችው የየሻረግ ነው። ሥሩ ግን ዛፍ ነው፤ የቆመውም በጋራ ርስት ላይ ነው። ስለዚህ ከሥሩ የሚወጣው ልጅ የወራሾቹ ሁሉ ነው። በየዓመቱ እየተነሣ ለየቤቱ ይሰጥ። ሙዝ ተክያለሁ ብሎ ከዛሬ ወዲያ መሬት የኔ ነው የሚል አይኑር። መምሬ፣ ይገዝቱልን።»

መምሬ አካሉ ገዘቱ። አቶ ጓንጉል ተነሥተው ወደ ወይዘሮ የሻረግ ሄዱ፤ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ሊስሙ ሲሉ ወይዘሮዋ ትከሻቸውን ይዘው አነሧቸው። እኔ ያልተለመደኝ እንባ መጣብኝና በቅሎዬን ላጠጣ ብዬ ወደ ምንጩ ዞርኩ።

ሁሉ ነገር በዚያው አላማረም፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ወይዘሮ የሻረግ ተቀይመውኝ ነበር። ልሰናበታቸው ስሄድ «እንድትዋሽልኝ አልለመንኩህም» አሉኝ። «ግን ትንሽ ብትዘገይ ምን ነበረበት? ፍርዱ የዳኛው አፍ ላይ ደርሶ ነበር እኮ!» ለወራት ያህል ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነበር።

ክረምት ሲገባ ግን እሳቸው ራሳቸው አስጠሩኝ። ዋንዛ ውሃ ስደርስ የወራሽ መዓት ጆንያና መቆፈሪያ ይዞ ቆሟል። አቶ ጓንጉል ከሁሉ ቀድመው መጥተዋል። የደረሰው ልጅ ለሁሉ ስለማይበቃ ዕጣ ተጣጣሉ። አንዱ «የኔ አነሰች» ብሎ ይከራከራል፤ ሌላው ዕጣ ያልወጣለትን አማቱን ያጽናናል። ወይዘሮ የሻረግ በመሃላቸው ሆነው «እናቲቱን እንዳትጎዱብኝ!» እያሉ ያዛሉ። ገበያ መሃል ደርድሬ በነፃ ውሰዱ ስል ማንም ዞር ብሎ ያላየው ችግኝ ነው። ስጦታ ሆኖ ሲመጣ ተጠራጠሩት፤ ድርሻቸው ሲሆን እንደ ዓይናቸው ጠበቁት። በሦስተኛው ዓመት በምንጩ ግራና ቀኝ ሙዝ የሌለው ጓሮ አልነበረም። ወራሽ ያልሆኑ ጎረቤቶች ሽማግሌ እየላኩ ይለምኑ ጀመር። ለዚህ ሁሉ አንድም ስብከት አልሰበክሁም። ልጁን ከእናቱ እንዴት እንደሚለዩት ብቻ አሳየሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ለሰው የሚጠቅም ነገር ይዛችሁ ወደ ሰው አገር የምትሄዱ፣ አንድ ነገር በድፍረት ልንገራችሁ። የያዛችሁት ነገር ጥሩ መሆኑ አይበቃም። የእኔ ሙዝ ጥሩ ነበር። በጥሩነቱ ላይ ዛሬም አልጠራጠርም። ሆኖም ያ ጥሩ ሙዝ ሁለት አብሮ አደጎችን ሊያጋድል ምንም አልቀረው ነበር፤ ምክንያቱም መሬቱን ስለካ በላዩ ላይ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር አልጠየቅሁም። ደግሞም ሌላ የሚያውቅ ሰው በሌለበት ቦታ ስትጠየቁ የምታውቁትን ሁሉ ተናገሩ። እኔ ግማሹን ብናገር ኖሮ ወይዘሮ የሻረግ ይረቱ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሥሩ ልጅ እናቱን ተክቶ ሲያፈራ ግን እኔም፣ ሙዙም፣ ዳኛውም አብረን እንታማ ነበር።

ወደ እስቴ የተዛወርኩ ጊዜ አቶ ጓንጉል እስከ አፋፉ ሸኙኝ። ስንሰነባበት የበቅሎዬን አንገት እየደባበሱ «እዚያም ርስት አለ» አሉኝ። «መጀመሪያ ሰዉን ጠይቅ። አፈሩ ጥሎህ አይሄድም።»

የእስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ እንደደረስኩ የመጀመሪያውን ወር አንድም ችግኝ ሳልተክል፣ ከሰው ቤት ሰው ቤት እየሄድኩ ስጠይቅ አሳለፍኩ። አለቃዬ ሥራ አልጀመረም ብለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉብኝ። ደብዳቤውን ተቀብዬ ፈረምኩና፣ በቅሎዬን ጭኜ ያልጠየቅሁት መንደር ወዳለበት ወረድኩ።